ሊነቀል የተመታ ቆርቆሮ

መሪጌታ ሐብተ ማርያም የቤታቸውን ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ የጠየቁት ገና በሚያዝያ ነበር። አሮጌው ዝጎ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። አዲሱ ተገዝቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

የግንባታ ፈቃድ ባለሙያው መልካሙ በትሕትና ተቀበላቸው። የይዞታ ካርታ ኮፒ አለ፤ አመጡ። የግብር ደረሰኝ አለ፤ አመጡ። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ስምምነት አለ፤ እሱንም አስፈርመው አመጡ።

«እንግዲህ መጥቼ ማየት ነው የቀረኝ። እስከዚያ ምንም እንዳይነኩ» አላቸው።

«መቼ ትመጣለህ ልጄ?»

«ማኪና ሲገኝ።»

ቤታቸው ከቢሮው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ይህንን ሦስት ጊዜ ነገሩት፤ ሦስቱንም ጊዜ «አሠራሩ ነው መሪጌታ» አላቸው። ግንቦት አለቀ።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ቀን ነፋስ ተነሣና ግማሹን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ጣለው። የቀረው ሰው እንዳይጎዳ ሰፈሩ ተሰብስቦ አወረደው። ቤቱን ሸራ አለበሱት። በማግስቱ ማኪና ተገኘ።

መልካሙ ግቢው ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ አየ።

«ይኼማ እድሳት አይደለም። እድሳት የሚባለው ጣሪያ ሲኖር ነው። ከሌለ አዲስ ግንባታ ነው፤ ፕላን ማሠራት አለብዎ።»

«አትንኩ ያልኸኝ አንተ አይደለህም ወይ?»

«ታዲያ ነፋሱን እኔ ምን ላድርገው?»

መሪጌታ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍተው፣ «ልጄ፣ ድጓ ስማር እንኳ እንዲህ አልተንገላታሁም!» ብለው ጮኹ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ከሸራው ሥር ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ጣሪያ ካየህ ትፈርማለህ?»

መልካሙ ቅጹን ገለጠ። «‹ነባር ጣሪያ› የሚል ቦታ አለው። ካለ እፈርማለሁ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ና።»

ወዲያው ሽማግሌውን አናጢ አያ ምንይችልን አስጠሩና ያንን የዛገ ቆርቆሮ ሁሉ ለቃቅመው ጣሪያው ላይ መልሰው እንዲመቱት ነገሯቸው።

«አዲሱ እዚህ ቆሞ?» አሉ አያ ምንይችል።

«ለሁለት ቀን ነው አያ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ለመንቀል ብዬ ምስማር መትቼ አላውቅም!» አሉ። ግን መቱት።

ሐሙስ መልካሙ መጣ፤ ፎቶ አነሣ፤ «ነባር ጣሪያ፦ አለ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቀና ብሎ የማንንም ዓይን አላየም። አርብ ማኅተም ተመታበት።

ቅዳሜ ማለዳ አያ ምንይችል የገዛ ምስማራቸውን እየረገሙ ነቀሉ። እስከ ቀትር አዲሱ ቆርቆሮ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ከኮሶዬ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። መሪጌታ ፈቃዱን በእጃቸው ይዘው ስለ ማኪናውና ስለ ቅጹ አሁንም ይናገሩ ነበር። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ አንዱንም አልሰሙም፤ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።