የተቀደደው ማዘዣ

«ወረቀቱን አምጪ ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው?»

ኡሚ ጥያቄውን ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት ጀምራ ስታብላላው አረፈደች። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ኡሚ ነው የሚላት። የልጅ ልጇ ሙባሪክ ዛሬ ከወልቂጤ ቡታጅራ ይገባል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ትናንት ደግሞ በእናቱ ሞት ጉዳይ ጠበቃ ሊያነጋግር ቀጠሮ ነበረው።

እናቱ ፈቲሀ የኡሚ አንድዬ ልጅ ነበረች። ሆዷን ሲያማት ሰፈራቸው ካለው ክሊኒክ ሄደች፤ ታይፎይድ ነው ብለው ኪኒን ሰጧት። በማግስቱ ብሶባት ብትሄድ፣ መድኃኒቱ ይሥራ እንጂ ምን ያጣድፍሻል ብለው መለሷት። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ስትደርስ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ከሞተች ይኸው ሦስት ወሯ።

ሙባሪክ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ስለ ጠበቃው ማውራት ያዘ። በዕድሜ ብዙም እንደማይበልጠው፣ ከረባቱ ግን የሽማግሌ እንደሆነ እየቀለደ ነገራት። መንገዱ ሦስት ነው አላት፦ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤት ማለት፣ ለፖሊስ ማመልከት፣ ፍርድ ቤት ካሳ መጠየቅ። በየትኛውም ቢሄዱ መጀመሪያ የሚፈለገው ክሊኒኩ ምን ብሎ እንዳከማት የሚያሳይ ወረቀት ነው። የሆስፒታሉ ማስረጃ በምን እንደሞተች እንጂ ማን እንዳዘናጋት አይናገርም። ክሊኒኩ ደግሞ በዚህ ስም ካርድ የለንም ብሎታል።

«ይካዱ» አለ። «የላብራቶሪው ውጤትና ማዘዣው እኛ ጋ አይደል?»

ኡሚ እንደከሳ ነገረችው። ምሳ እንዲበላ፣ ጃኬቱን እንዲያወልቅ፣ ትንሽ ጋደም እንዲል ለመነችው።

«ኡሚ፣ ወረቀቱ።»

በሰባተኛው ቀን ለቅሶ የሰፈሩ አስታራቂ ሀጂ ሰይዶ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው መጥተው ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ልኳቸው ነው። ያም ሰው የሰፈር ልጅ ነው፤ አምስት ወንድሞች አሉት፣ አንዳቸውም ነገር የሚያሳልፉ አይደሉም። አውፍ በይ፣ ይቅር በያቸው አሏት። የልጅ ልጅሽ እሳት ነው፣ ይህን ወረቀት እያየ ውሎ አንድ ቀን በር ሰብሮ ይገባባቸዋል፣ ያኔ ሁለተኛ ትቀብሪያለሽ አሏት። ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ሀጂ ሰይዶ እርቁ እንዲጸና ብለው ፊቷ ቀደዱት፤ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አለች። ያን ዕለት ደረቷ ቀልሏት ነበር። ያ ቅለት ዛሬ አንገቷን ያስደፋታል።

«ለሀጂ ሰይዶ ሰጠሁት» አለች። «ቀደዱት።»

«አንቺ እያየሽ?»

«አንተንም እንዳላጣ ብዬ ነው፣ አባቴ። የነዚያን ወንድሞች ታውቃቸው የለ።»

 ሙባሪክ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ? ሳትሰጫቸው በፊት አንብበሽው ነበር?» አላት።

አላነበብኩትም ብትል ይሻላት ነበር። የምትዋሽበት አፍ አጣች።

«አንብቤዋለሁ። ታይፎይድ ይላል። የሐኪሙ ስምም ፊርማውም ነበረበት።»

ሙባሪክ ተነሣ። ፖሊስ ጋ ይሂድ፣ ሀጂ ሰይዶ ቤት ይሂድ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ይቁም፣ ፊቱን ብታየው ምንም አልነገራት። የት ነው አለችው። ደግማ የት ነው አለችው፣ የጃኬቱን እጅጌ ያዘች።

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ወጣ።