የሁለት ቀን መንገድ

አውሮፕላኑ አርፏል ይላል ሰሌዳው፣ እንዴት ያርፋል፣ አሁን አይደል እንዴ ወንድሜ ደውሎ ተሳፈረች ያለኝ፣ ጠዋት ነበር፣ አዎ ጠዋት፣ እኔ ግማሽ ቀን ሥራ ውዬ አልጋዋን አንጥፌ እስክመጣ እናቴ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ጨርሳ እዚህ ናት። የአምስት ሰዓት ተኩል በረራ። በቃ።

እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ነው ብያታለሁ።

መጀመሪያ ውሸት አልነበረም እኮ፣ ያኔ ስመጣ በርካሽ ትኬት፣ ሁለት ቦታ ወርጄ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አድሬ፣ እውነትም ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ቀጥታ በረራ ሲጀመር ነው ዝም ያልኩት፣ ዝምታ ደግሞ ይመቻል፣ ለእረፍትሽ ነይ ስትለኝ ኧረ እማዬ መንገዱ፣ ልጅሽን አሳዪኝ ስትለኝ ኧረ እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከሕፃን ጋር፣ እሷም ውይ የኔ ልጅ፣ እውነትሽን ነው፣ ይቅርብሽ። ይቅርብሽ ትለኛለች!

አባዬ የሞተ ጊዜ ግን። ማታ ተደወለልኝ፣ ቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት፣ በጠዋቱ በረራ ብሳፈር አፈር ሳይለብስ እደርስ ነበር፣ ግን ጠዋት ለምሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ አለብኝ፣ ስንት ዓመት የጠበቅኩት፣ እና አልኳት፣ እማዬ፣ መንገዱ። አክስቴ ልጅቷ ትጠበቅ እንጂ ብላ ስታለቅስ እናቴ ናት አሉ የተቆጣቻት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሬሳ ልታስቀምጡ ነው? ልጄን አታስጨንቁብኝ፣ ቅበሩት። በኔ ውሸት ተከራከረችልኝ። ኃላፊነቱንም አገኘሁ።

ወንድሜ ትኬቷን ሲቆርጥ ነው የነቃብኝ፣ እየሳቀ ደወለ፣ ስሚ እንጂ፣ አንቺ የምትመጪው በአህያ ነው እንዴ? ከዚያ ሳቁ ቆመ። እኔ አልነግራትም፣ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እሺ አልኩ። አልነገርኳትም። ትናንት በስልክ፣ ለመንገድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳዬ ይዣለሁ ስትለኝ ጥሩ አደረግሽ አልኳት፣ ጥሩ አደረግሽ፣ አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሻንጣ የሚጎትት ሰውዬ፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ እሷ አይደለችም፣ ምን ልበላት፣ አዲስ አውሮፕላን ነው፣ ፈጣን ነው፣ ታምነኛለች፣ ጭንቁም እሱ ነው፣ ታምነኛለች።

እሷ ናት። እንዲህ አጭር ነበረች? አንገቴን አቅፋ ደጋግማ ትስመኛለች፣ ወዲያው ወሬ፣ ምን ጉድ ነው ልጄ፣ ዓይኔን እንኳ ሳልከድን፣ ውረዱ ሲሉን እኮ ልናድር መስሎኝ ነው፣ ማደሪያው የት ነው ብዬ አንዱን ጠየቅኩት፣ ሳቀብኝ ባለጌው፣ ነፋስ ነው መሰለኝ የገፋን፣ አይደል?

አይደል ስትል ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ነፋስ። ማምለጫውን ራሷ ሰጠችኝ፣ አዎ ብል ያልቃል፣ ወደ መኪናው፣ ወደ ቤት፣ እራት፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ይቅርብሽ።

አይደለም እማዬ። መንገዱ ሁልጊዜም ይኸው ነው። አባዬ የሞተ ጊዜም ይኸው ነበር።

እጇ ትከሻዬ ላይ ነው፣ አይወርድም፣ አይጠብቅም፣ ከኋላችን ያሉት እለፉ እንጂ ይሉናል፣ እሷ አትሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እያሰላች ነው፣ ቀብሩን ነው የምታሰላው፣ ስደቢኝ እማዬ፣ አንድ ነገር በይኝ።

እንግዲያው፣ ትላለች፣ ለመመለስም ቅርብ ነዋ።

እጇን አንስታ ትቀድመኛለች፣ መውጫውን ሳታውቀው፣ ቀጥ ብላ፣ እኔም ከኋላዋ፣ በግራ ነው እማዬ፣ በግራ፣