ማንነቱ ያልታወቀ አካል

ሀምዲያ፣ አንለይ የሚባለውን ሰው በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ግን ጠላችው፣ ከአንጀቷ ጠላችው። ከአዲስ አበባ ካሜራ ተሸክሞ አሶሳ የመጣው በሰማይ ስለሚታዩ መብራቶችና መንግሥት ይደብቃቸዋል ስለሚባሉ ምስጢሮች ዶክመንተሪ ሊሠራ ነው። ምስጢር ሲያነፈንፍ የአባቷ ደጃፍ ደረሰ። እሷ ያን ቀን ሸርቆሌ፣ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነበረች።

የአባቷ የጁምዓ ጉዳይ ምስጢር የለውም። አንድ የእብነ በረድ ድርጅት ኤክስካቫተር የሚባለውን መቆፈሪያ ማሽን አስገብቶ አርባ የማንጎ ዛፎቹን በሦስት ሌሊት ነቀለና መሬቱን አጥሮ ያዘ። ጁምዓ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት ብሏል፤ ቀጠሮም ተቆርጦለታል። ያ መሬት ከሄደ ሌላ የለውም።

ካሜራውን ሲያይ መንግሥት ራሱ ሊሰማው የመጣ መሰለው። በአፍ መፍቻህ በበርታኛ ተናገር፣ ጎረቤት ያስተረጉምልሃል ቢሉት አሻፈረኝ አለ። መንግሥት የሚሰማው አማርኛ ነው ብሎ ባለችው አማርኛ ገባበት። ኤክስካቫተር የሚለውን ቃል ደግሞ አያውቀውም።

ሀምዲያ ፊልሙን በስልኳ ያየችው ከመምህራን ጋር ምሳ እየበላች ነው። አባቷ ኮራ ብሎ ቆሞ ይናገራል።

"እንግዳ መጣች። መብራቷ ትልቅ። እጅ አንድ ብቻ አላት፣ ረጅም። አፈር ትበላለች። መሬቴ ወሰደች። ለመንግሥት ነገርኩ፣ ዝም አለ።"

ከዚያ የአንለይ ድምፅ፣ በሚያስፈራ ሙዚቃ ታጅቦ፣ ማሳው ላይ ያረፈው "ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል" ነው ይላል። መምህራኑ ሳቁ። ሀምዲያ ምሳዋን ትታ ወጣች።

የአንለይን ቁጥር ፈልጋ ደወለችለት። አባቷ የተናገረው ስለ ማሽን እንደሆነ፣ ዛፎቹ የተነቀሉበትን ጉድጓድም እንዳሳየው ነገረችው። አልካደም። ጉድጓዱንም ማሽኑንም አይቷል፤ ግን ማሽን ብሎ ቢያቀርበው ማን ያይለታል? ሰው በጣም ወዶታል፣ ክፍል ሁለትም እየታሰበ ነው አላት።

"ዓይን አውጣ ነህ" አለችው። "የአባቴን መሬት አንተም ቆፈርክ።" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

በቀጠሮው ቀን ፈቃድ ጠይቃ አባቷን ይዛ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው ሰላምታቸውን በቅጡ ሳይመልስ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ አለ፤ ከጎኑ ያሉት አቀርቅረው ሳቃቸውን ዋጡ። ሀምዲያ የጉድጓዶቹን ፎቶና የመሬቱን የይዞታ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሰብሳቢው በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረጋቸው። ከድርጅቱ ጋር እጅና ጓንት መሆኑን የማያውቅ የለም። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባላል፤ ይሄኛው ጅብ ግን ማመካኛ ሲፈልግ ነው የከረመው፣ እሱንም አንለይ አቀበለው። ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ማኅተም ተመትቶበት ወጣ።

ጁምዓ ማንበብ አይችልምና በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አነበበችለት።

"አመልካቹ በራሱ አንደበት እንደመሰከረው፣ መሬቱን የወሰደው ማንነቱ ያልታወቀ አካል በመሆኑ የሚጠየቅ ወገን የለም። መዝገቡ ተዘግቷል።"

ጁምዓ አካል ማለት ምን እንደሆነ በበርታኛ ጠየቃት። ሰውነት ማለት ነው አለችው። የቢሮው አማርኛ ሌላ መሆኑን ልታስረዳው ስትል እሱ ተነሥቶ ሄዷል። የሰብሳቢውን በር ሳያንኳኳ ከፈተው።

"ሰውነት ካላት" አለ፣ "ለምን አልታሰረች?"

ውስጥ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ጁምዓ የበሩን እጀታ እንደያዘ፣ መልሱን ቆሞ ጠበቀ።