ስድስት ማንኪያ ጠሂኒያ

ስንሻው ለሁለተኛ ጊዜ በወባ ሲወድቅ፣ የሰሊጥ እርሻው ወኪል «እስከ ሰኞ ካልተነሣ በቦታው ሌላ አጫጅ አስገባለሁ» ብሎ ሄደ። የደረሰ ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ ይረግፋል። ወኪሉም ጠባዩ የሰሊጥ ነው።

ዱክቶር ያሕያ ዓርብ ዓርብ ከገዳሪፍ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ይመጣል። የበሽተኞቹን መዝገብ አገላብጦ ፊቱን አጠቆረ። የሱዳኖቹ ወባ በኪኒን ድራሹ ይጠፋል፤ የሐበሾቹ ሰንብቶ ይመለሳል።

«ወባዋ መድኃኒቱን ለምዳዋለች። ከተማ ይግባና መርፌ ይጀምር» አለ።

ከተማ ገባ ማለት ሥራው ቀረ ማለት ነው።

የጤና ረዳቷ አሰጋሽ መተማ ተወልዳ ሱዳን ፋው ያደገች ናት፤ ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ታውቃለች። መዝገቡን ተቀብላ ቀኖቹን በሐበሻ ቆጠረች። ወባ የተመለሰባቸው ሁሉ ኪኒኑን የወሰዱት በፍልሰታ ጾም ነበር።

«አያ ስንሻው፣ ያን ጊዜ ኪኒኑን በምን ዋጡት?»

«በውሃ። ስድስቱንም ጊዜ ውጫለሁ፤ እንደ ሌሎቹ አልሸጥሁም።»

«በወተት አልተባለም?»

«የነፍስ አባቴ ኪኒኑን ፈቅደውልኛል። ስለ ላሟ ያሉት የለም።»

«ዘይትስ?»

«ስለት አለብኝ። ፍልሰታንም አሁን ጽጌንም ቆሎና ውሃ ነኝ። አትድከሚ እቴ።»

አሰጋሽ ወደ ዱክቶሩ ዞረች።

«ወባዋ አልለመደችም። ይህ ኪኒን ቅባት ካላገኘ ወደ ደም አይሻገርም፤ የይለፍ ተስሪህ ያልያዘ መንገደኛ ኬላ ላይ እንደሚቀረው ነው።»

«አውቃለሁ። ከወተት ጋር ብዬ ጽፌአለሁ።»

«ጽፈዋል። ማን ጠጣ?»

ዱክቶሩ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። አሰጋሽ በሕክምናው ድንኳን በር ወደ ውጭ አየች፤ እስከ አድማስ ሰሊጥ ነው። ስንሻው ቀኑን ሙሉ ቅባት ሲያጭድ ውሎ ኪኒኑን በውሃ ይውጣል።

«አያ ስንሻው፣ ሰሊጥ ቢቆላ ምን ይባላል?»

«ቆሎ።»

«ተቆልቶ ቢፈጭስ?»

ስንሻው ወዴት እንደምትነዳው ገብቶታል። «ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ ነው» አለ።

«እርስዎስ ስንት ጥርስ አለዎት?»

«ለዚህ ሳምንት የለኝም።»

ጠሂኒያ፣ ማለት የተፈጨ ሰሊጥ፣ ከሱቅ መጣ። ከእያንዳንዱ ኪኒን ጋር አንድ ሙሉ ማንኪያ፣ አሰጋሽ እያየችው ዋጠ። ሰኞ ማጭዱን ይዞ ወጣ።

እሷ አልፈነደቀችም፤ ፊትም ተነሥቶ ያውቃል። በአርባ ሁለተኛው ቀን ጣቱን ወግታ ደሙን መረመረች፤ ንጹሕ ነው። ዱክቶር ያሕያ ማዘዣው ላይ «ከወተት ጋር» ከሚለው ጎን በዐረብኛ «ወይም ጠሂኒያ» ብሎ ጨመረ።

ስንሻው ግን ከበሩ አልሄደም።

«ምን ቀረዎት?»

«የነቢያት ጾም ገባ» አለ ጣቱን እየጠረገ። «ያ የማንኪያው ቆሎ፣ ሳይታመሙ አይታዘዝም?»