የቄስ ምስጋኑ ቀኖና

ቄስ ምስጋኑ ከላሊበላ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የማርያም ደብር ያገለግሉ ነበር። በላስታ ደጋ በጾም የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዐቢይ ጾምን ከሽምብራ ቆሎና ከውኃ በቀር ሳይቀምሱ ይፈጽሙታል፤ ከቅዳሴ አርፍደው አያውቁም። ይህን አገሬው ሁሉ ያውቅላቸዋል። እርሳቸውም ያውቁታል።

ብሔራዊ ውትድርና ወጣቱን በሚያፍስበት ዘመን፣ በሰባ ስምንት፣ ደባሱ የሚባል ገበሬ በሚሊሺያዎች ተይዞ ሁለት ቀን ተገረፈ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱ ልጅ የተደበቀበትን ተናገረ። ቁስሉ ሳይጠግግ መጥቶ ለቄስ ምስጋኑ ተናዘዘ። ቄሱም ሰባት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ከደጀ ሰላሙ በር እንዲቆም ቀኖና ሰጡት።

«እኔ ብሆን አንገቴ ይቆረጥ ነበር እንጂ አፌ አይከፈትም» አሉት ጨምረው።

ደባሱ መሬት ስሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዝናብም ውርጭም ቢሆን ጋቢውን ተከናንቦ ከበሩ ሥር ይቆማል።

በዓመቱ ተራው የቄስ ምስጋኑ ሆነ። ወለተ ሐና የምትባል ባልቴት አንድ የቀራትን ልጇን፣ ቢሆነኝን፣ ከወንዙ ማዶ ካለ ዋሻ ደብቃው ነበር። ይህን የነገረችው ለንስሐ አባቷ ለቄስ ምስጋኑ ብቻ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የንስሐ አባቷ አያጡትም ብሎ ቄሱን ቢሮው አስጠርቶ አስቀመጣቸው። በጥፊ እንኳ አልመታቸውም። መቀስ ከጠረጴዛው ላይ አኖረና፣

«ጥምጥምዎን አውልቄ፣ ጢምዎን ሸልቼ ቅዳሜ ገበያ አዞርዎታለሁ። ልጁ የት ነው?» አላቸው።

ቄስ ምስጋኑ መቀሱን አዩት። የገበያው ሰው ሲስቅባቸው ታያቸው። ከዚያ የገዛ ድምፃቸውን «ከወንዙ ማዶ» ሲል ሰሙት።

ቢሆነኝ በዚያው ቀን ተያዘ፤ በማግስቱ በጋሸና በኩል በመኪና ተጫነ።

ቄሱ አሞኛል ብለው ቅዳሴ ተዉ። የተረፋቸው ጾምና ስግደት ነበርና በዚያው በረቱ። ሦስት መቶ የነበረውን ስግደት አምስት መቶ አደረሱት፤ እህል በሁለት ቀን አንዴ መቅመስ ጀመሩ። ጉልበታቸው ቆሰለ። ግን ባጎነበሱ ቁጥር ያ መቀስ ፊታቸው ድቅን ይላል፤ ቀና ሲሉ ደግሞ ደባሱ ከበሩ ቆሟል።

በኅዳር ሲብስባቸው ላሊበላ ወረዱ። ከአብያተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከዓለት በተፈለፈለች ጠባብ ቤት አባ ወርቅአገኘሁ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ቄሱ እግራቸው ሥር ወድቀው ሁሉንም ተናገሩ። አባ ሳያቋርጡ ሰምተው፣

«ስግደቱ አሁን ስንት ደረሰ?» አሉ።

«አምስት መቶ፣ አባቴ።»

«ስንት ሲደርስ ይበቃል?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ አባ። «ስድሳ ዓመት ጾሜአለሁ፤ ይኸው በቃህ ያለኝ የለም። ጾም መልካም ነው፣ ጹም። ግን ልጄ፣ በጾማችን መዳን ብንችል ኖሮ ጌታ ምን አሰቀለው? ለስንቱ ሰው ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› ብለሃል። ለሌላው የሠራው ምሕረት ላንተ አይበቃህም?»

ቄሱ አለቀሱ። ያን ያህል ዓመት ሲያስተምሩት የኖሩት ቃል ለራሳቸው ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አባ በመስቀላቸው ባርከው ፈቷቸው።

«ቀኖናዬስ?»

«ከደጅ ያቆምኸውን ሰው አስገባ። ሴትዮዋንም ይቅርታ ለምናት። እምቢ ብትልህ እውነቷን ነው።»

ደባሱን ያገኙት ከአውድማ ገብስ ሲያበራይ ነው። ጥምጥማቸውን አውልቀው እግሩ ላይ ወደቁ። ደባሱ ደንግጦ፣

«አባ፣ ይነሡ እንጂ፤ ሰው ያየናል» አለ።

«ይየን። አንተ የተናገርኸው ሁለት ቀን ተገርፈህ ነው። እኔ ግን ጢሜን ፈርቼ ነው።»

ደባሱ ነገሩ ገባው። በሁለት እጁ ደግፎ አነሣቸውና ወደ ወለተ ሐና ቤት አብሯቸው ሄደ።

ወለተ ሐና ከመደቡ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ፊቷ አልተለወጠም።

«አውቄአለሁ» አለች። «ከእርስዎ ሌላ የነገርሁት አልነበረም።»

«ታዲያ ምነው ለሰው ሳትናገሪ ቀረሽ?»

«ብናገር ልጄ ይመለስልኛል? ልቤን አለዝብልኝ እያልሁ ስለምን ከረምሁ። ገና አልለዘበም። ግን በየቀኑ ‹በደላችንን ይቅር በለን› እላለሁ፤ እርስዎን አስቀርቼ እንዴት ልበል? እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ።»

እሑድ ቄስ ምስጋኑ በሕዝቡ ፊት በደላቸውን ተናገሩ። ያጉረመረመ ነበር፤ ተነሥቶ የወጣም ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደው ደባሱን በእጁ ይዘው አስገቡት። የቀደሱት ሌላ ቄስ ነበሩ፤ ቄስ ምስጋኑ ከደባሱ ኋላ ተሰልፈው ቆረቡ።

ሕዝቡ ለምኗቸው ወደ አገልግሎት የተመለሱት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሊናዘዝ የመጣን ሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን ነገር ይነግሩታል፤ ከሩቅ አጥቢያ ሳይቀር እርሳቸውን ብሎ የሚመጣ በዛ።

ቢሆነኝ አልተመለሰም። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተንም ወሬው አልተገኘም። ወለተ ሐና እስክትሞት ድረስ ማሳዋን ያረሱላት ቄስ ምስጋኑ ናቸው። አንድ ቀን መንገደኛ ከድንበሩ ቆሞ፣ «ለኃጢአትዎ ነው አሉ የሚደክሙት» አላቸው።

ቄሱ በሬዎቹን አቆሙ።

«ለኃጢአቴስ ጌታ ሞቶልኛል» አሉት። «ይኸ ለወለተ ሐና ነው።»