ያልተቀመሰው ኮላክ

አማቴ ካስሚናህ በረመዳን ለመስጊዱ ልጆች ማፍጠሪያ ኮላክ የሚባለውን የካሳቫ ሥር ጣፋጭ ሲሠሩ ቀምሰው አያውቁም። ምላስ ላይ አድርጎ መትፋት እንደሚፈቀድ ኢማሙ ቢነግሯቸውም ወይ ፍንክች! "ሠላሳ ዓመት በእጄ ነው የማውቀው፤ ምላሴ ፆመኛ ነው" ይላሉ።

ያን ቀን እኔ አልፆምኩም፤ ማንም ግን አያውቅም። አምስት ዓመት መካን ስባል ከርሜ፣ ባለፈው ሳምንት "አርግዣለሁ መሰለኝ" ብያቸው እልል ብለው ነበር። ጠዋት ደሜ መጣ፤ ደም ላይ ያለች ሴት ደግሞ አትፆምም። እኔ ፈሪዋ ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

አስር ሰዓት ላይ ካሳቫው በኮኮናት ወተት ሲንተከተክ ሆዴ ጮኸ። እሳቸው የዘንባባ ስኳር ሊያመጡ ጓዳ ሲገቡ አንድ ቁራጭ ጎረስኩ። መረረኝ፤ ተፋሁት። እናቴ "የመረረ ካሳቫ ሰው ይገድላል" እያለች ነው ያሳደገችኝ።

"እማዬ፣ ካሳቫውን ማን አመጣው?"

"ወንድሜ ነዋ፣ ከአጥር ሥር ነቅሎ። ምነው?"

"ከርከሮ እንኳ የማይነካው መርዛማው ዓይነት እንዳይሆን። ትንሽ ቢቀምሱት?"

"በስተርጅና ፆሜን ልታስፈቺኝ? ይልቅ አርፈሽ ተቀመጪ፤ ሁለት ነፍስ ነሽ!"

ስኳሩን ጨመሩት። ከዚህ በኋላ ምሬቱን ማን ይለየዋል? የሚያውቀው የእኔ አፍ ብቻ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ብል የምፈርደው በሌላ ሰው ልጆች ላይ ነበር። ድስቱን ተሸክመው ሲወጡ ተከተልኳቸው።

መስጊዱ በረንዳ ላይ ልጆቹ ኩባያ ይዘው ተኮልኩለዋል። ጥርሷ የወለቀ አንዲት ትንሽዬ "እትዬ ራትሚ፣ ለእኔ ብዙ!" አለችኝ። አማቴ እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን ሳህን ለራሳቸው ቀድተው አዛን ይጠብቃሉ።

አዛኑ ተሰማ። ድስቱን ገፍቼ ደፋሁት።

"አብደሻል?"

"መርዝ ነው! ቀምሼዋለሁ፣ ይመራል!"

"በፆምሽ?"

"አልፆምኩም። ደሜ መጥቷል፣ እማዬ። ልጅ የለም።"

አማቴ ሆዴን አዩ፤ ከዚያ በእጃቸው የቀረውን ሳህን አዩ።

"ትዋሻለሽ" አሉ። እጃቸውን ልይዝ ስል ገፈተሩኝ። "ቢስሚላህ" ብለው እስከ ታች ጨለጡት።

"ማር ነው" አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። "ይኸው አልመረረም። የልጅ ልጄም አለ።"