ቤቱን ያቀናሁ ጊዜ

እኔ ለሳኝ ነኝ። ግድግዳ እለስናለሁ፣ ወለል እሠራለሁ። በሥራ ቦታ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «ውሃልክ» ነው የሚሉኝ። ሰው ቤት ስገባ ገና ከሰላምታው በፊት ዓይኔ የግድግዳውን ጥግ ስለሚለካ ነው ስሙን ያወጡልኝ። ዘመም ያለ ነገር ካየሁ እጄን ይበላኛል፤ ሳላቃናው እረፍት የለኝም። በዚህ አመሌ ስንቱን ሰው አስቀይሜያለሁ፤ ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ግን የሠራሁት በገዛ አባቴ ላይ ነው።

አባዬ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። ዓይኑ ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ውስጥ ሲንጎራደድ ላየው ሰው ግን ዓይናማ ነበር የሚመስለው። ሻይ አፍልቶ፣ ሁለት ብርጭቆ በትሪ ይዞ፣ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ከተፍ ይላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። እኔ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ስላለሁ ጠዋትና ማታ ብቅ እላለሁ፤ እሱም «ደግሞ ምን ልትሰልይ መጣሽ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ዓይነ ስውር መሆኑን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ጥፋቴ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቤቱ ግን ጉድ ነበር። አባዬ በጎልማሳነቱ፣ ከሥራ ሲመለስ፣ በየዓመቱ አንዳንድ ክፍል እየቀጠለ በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ የሰው ልጅ ደግሞ ሰዓት ስለጠገነ ብቻ ግንበኛ አይሆንም። ኮሪደሩ ወደ ወጥ ቤት ሲኬድ ቁልቁል ያዘቀዝቃል። የወጥ ቤቱ ደፍ አንድ ወፍራም እንጨት ነው፤ እንግዳ ሁሉ ይሰናከልበታል። የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ሲጥጥ ብሎ ያለቅሳል። የሳሎኑ ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል። እኔ የሰው ቤት እንደ መስታወት እያስተካከልኩ የአባቴ ቤት እንዲህ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳፍረኝ ነበር።

ታዲያ አባዬ የሐሞት ጠጠሩን በኦፕራሲዮን አስወጣና ለማገገም ወንድሜ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ወንድሜ ከኔ በስምንት ዓመት ይበልጣል። ሥራው ኢንሹራንስ ስለሆነ ነገር ሁሉ ሲወድቅ፣ ሲቃጠልና ሲሰበር ነው የሚታየው፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። አባዬ እሱ ዘንድ ሲሰነብት እኔ አንድ አናጢ ጓደኛዬን ይዤ ገባሁ። ይህን አናጢ «ችኩሌ» ነው የምንለው፤ ከሱ ቀርፋፋ ሰው ስለሌለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌት ተቀን ሠርተን ወለሉን በአዲስ ሲሚንቶ ቀጥ አደረግነው፣ ደፉን ነቅለን ጣልነው፣ የበሩን ማጠፊያዎች ቀየርን፣ የሳሎኑን ሆድ ጠርበን አስገባነው፣ ኮሪደሩንም እንዳለ ለሰንኩት። ስጨርስ ውሃልኬን ወለሉ ላይ አጋድሜ አየሁት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አባዬ በወንድሜ ክንድ ተደግፎ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ «በል ልቀቀኝ፣ ቤቴ ነው» አለና ገባ። ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ቆመ። በእግሩ ጣት መሬቱን መታ መታ አደረገ።

«ወለሉ የት ሄደ?» አለ።

መንገዱን ቀጠለ። የመኝታ ቤቱን በር ነፋስ ወደ ኮሪደሩ ከፍቶት ነበር፤ አዲሱ ማጠፊያ ድምፅ ስለሌለው አልሰማውም፣ በግንባሩ ገጨው። ኮሪደሩ የት ጋ እንደሚያልቅ ጠፋበት። ደፉ ያለ መስሎት ገና ሁለት እርምጃ ሲቀረው እግሩን ከፍ አድርጎ አነሳ፤ ባዶ ረገጠና በጉልበቱ ወደቀ። እኔና ወንድሜ ሮጠን ስናነሳው ፊቱ አመድ መስሏል።

«የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?»

«ያንተው ነው አባዬ» አልኩት። «አሳምሬልህ ነው... ወለሉ ትንሽ ያዘቀዝቅ ስለነበረ...»

«እጅሽ ይባረክ» አለ ቀስ ብሎ። «ማማሩንስ ሳያምር አይቀርም። እኔ ግን አላውቀውም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ወንድሜ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። አባዬን ካስቀመጠው በኋላ ወደ ጎን ወሰደኝ። «እኔ አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቆ ጎረቤት ደውሎ እንዲነግረኝ አልፈልግም» አለኝ። «እስከ መጪው ሳምንት ቅዳሜ አንቺ አብረሽው እደሪ። እስከዚያ ብቻውን መንቀሳቀስ ከቻለ ቻለ፤ ካልቻለ እኔ ጋ ይጠቃለላል፣ ቤቱም ይከራያል።» አባዬ ከሳሎን ሆኖ ሰምቶ ኖሮ «አሳንሰር ያለው ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ልኑር ነው የምትሉት?» አለ።

በማግስቱ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት ገመድ ዘረጋሁለት፤ እየያዘ እንዲሄድ። አባዬ ጫፉን ዳሰሰና ፈታው። «ጥጃ አደረግሽኝ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ወንበር አልተነሳም። ሻይ ሲያምረው ይጠራኛል፣ ውሃ ሲጠማው ይጠራኛል። በሦስተኛው ቀን ወደ ሽንት ቤት እንድመራው እጁን ሲዘረጋልኝ ቅስሜ ተሰበረ። ያ ሰው የሰዓት ጥርስ በጣቱ የሚቆጥር ሰው ነው።

አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና «አባዬ፣ እስቲ ንገረኝ፤ እንዴት ነበር የምትሄደው?» ብዬ ጠየቅኩት። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

«በእግሬ ነዋ» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ እየቆየ ነገረኝ። መሬቱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር የመኝታ ቤቱን በር አለፈ ማለት ነው። ጉልበቱ በደንብ ላላ ሲል ወጥ ቤቱ ደረሰ። ደፉን ከተሻገረ ምድጃው ሁለት እርምጃ ነው። በሩ ካለቀሰ ተከፍቷል፣ ካላለቀሰ ተዘግቷል። ሳሎን ውስጥ የግድግዳው ሆድ እጁን ሲነካው ወንበሩ ከጀርባው ነው። እያንዳንዱን ሲጠራ እኔ በልቤ «ይቺንም አጥፍቻለሁ፣ ይቺንም አጥፍቻለሁ» እላለሁ።

ያን ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አልዋሽም፤ ያ ወለል በእጄ ከወጡት ሁሉ የሚበልጠው ነበር፣ ለማፍረስ አልጨክን አልኩ። በበነጋው ግን መሮና መዶሻዬን ይዤ ኮሪደሩ መሃል ተንበረከክሁ። የመጀመሪያውን ስመታ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመታሁት። ከዚያ በኋላ እጄ ፈጠነ። አዲሱ ሲሚንቶ የተነጠፈው በአሮጌው ላይ ስለሆነ እየተነሳ ሲሄድ የድሮው ወለል ከነቁልቁለቱ ብቅ አለ። አባዬ የመዶሻውን ድምፅ ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ግድግዳ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ግፊ! ግፊ!» ይለኛል እንደ ኳስ ደጋፊ።

ችኩሌን ጠራሁት። ደፉን ጓሮ ውስጥ፣ የአበባ ማሰሮዎች ተደርድረውበት አገኘነውና ወደ ቦታው መለስነው። አሮጌዎቹ ማጠፊያዎች ደግሞ ጣሳ ውስጥ ከነዝገታቸው ነበሩ። ችኩሌ በእጁ ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ አያቸው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ዝም ሳሰኝ ኖሬ» አለ፣ «ዛሬ በር አስለቅስ ተባልኩ?»

ገጠማቸውና በሩን ከፈተው። ሲጥጥ አለ። ወደ አባዬ ዞረን ፍርዱን ጠበቅን።

«አይደለም» አለ አባዬ፣ ጆሮውን አቅንቶ። «ይሄ የጎረቤት በር ነው። የኔ ወፈር ያለ ነበር።»

ችኩሌ ብሎን አላላ፣ ብሎን አጠበቀ፣ አቧራ ነሰነሰበት። ግማሽ ቀን ፈጀ። አባዬ ወንበር አስመጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «ቀጥን አለ... አሁን ደግሞ በዛ...» እያለ ያርመዋል። በመጨረሻ በሩ እንደ ሽማግሌ ሲያቃስት አባዬ ጭኑን መታና «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ችኩሌም እንደ ልጅ ዘለለ፤ ሲዘል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የኮሪደሩ ልስን ቀረኝ። እሱን ለመንካት ፈርቼ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ራዲዮ የምታዳምጠው ቆማ ነው፤ ቁጭ ካልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል ትላለች። ከሳሎኑ በር አጠገብ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን በትከሻዋ ተደግፋ ትቆማለች። ከስንት ዓመት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳው ከትከሻዋና ከፀጉሯ ቅባት ብዛት ለስልሶ፣ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ያንንም ቆሻሻ ነው ብዬ ለስኜበታለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ማሰብ አልፈለግሁም።

መሮውን ከጠርዙ አስገብቼ ገና አንዴ ስመታ፣ ክንድ የሚያህል ልስን እንዳለ ተገንጥሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ልስን ቅባት ያለበት ግድግዳ ላይ አይዝም፤ መጀመሪያ በመሮ መጫር አለበት። ይህን ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው ያውቀዋል። እኔ ቸኩዬ ዘልዬው ነበር። ሃያ ዓመት ስለስን እንዲህ ያለ የማይረባ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ከሥሩ የእናቴ ቦታ እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ምንም አልነካውም።

«አባዬ!» ብዬ ስጮኽ ምን ሆነች ብሎ እየተደናበረ መጣ። እጁን ይዤ ቦታው ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ ትንሽ ፈለጉ፣ ከዚያ መዳፉ ሙሉ በሙሉ ተኛ።

«ትከሻዋ» አለ።

ሁለታችንም አለቀስን፤ አላፍርበትም። ቆይቶ አፍንጫውን ጠረገና «ካንቺ ልስን እሷ ጠንክራ ተገኘች» ብሎ ሳቀብኝ።

የሳሎኑ ሆድ ግን አልተመለሰም፤ ጠርቤ ጥዬዋለሁና። አባዬ «እሱ ይቅር፣ አዲስ ስጪኝ» አለ። በእጁ ከፍታ ልክ ግድግዳውን እንደገና በእርጥብ ልስን ለበድኩና፣ ሳይደርቅ በማበጠሪያ ጫርኩት፦ ወደ መስኮቱ ጋደም ያለ መስመር፣ ወደ ወንበሩ ቆም ያለ። በጣቱ እየዳሰሰ «ጠበቅ አድርጊው፣ እዚህ ጋ ቁረጪው» እያለ አሠራኝ። አሁን ያን ግድግዳ ውሃልክ ቢለካው ያፍራል። እኔ ግን እሱን ሳይ እጄን አይበላኝም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወንድሜ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። ገና ከመግባቱ አባዬ «ቁጭ በል» አለውና ተነሳ። ወጥ ቤት ሄደ። በመንገዱ የመኝታ ቤቱን በር ሲዘጋው ሲያቃስት ሰማን፤ የብርጭቆ ድምፅ ሰማን፤ ውሃው ሲፈላ ሰማን። ወንድሜ ለመነሳት ሁለቴ ተንቀሳቀሰ፣ ሁለቴም እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። አባዬ በትሪ ሦስት ሻይ ይዞ ደፉን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ ዞረና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ትሪው ደረቅ ነበር። እልል ማለት አማረኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

ወንድሜ ፊቱ ፈካ፤ ግን ኢንሹራንሱ አለቀቀውም። «ዛሬ ሆነ፤ ነገስ አባዬ? ብትስት?»

«ከዚህ ቤት ከወጣህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«በል ተነስና ዓይንህን ጨፍን። ከውጭው በር እስከ ምድጃው ሂድ። ከጠፋህ ሻንጣዬን ይዤ እከተልሃለሁ፤ አንዲት ቃል አልናገርም።»

ወንድሜ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ወንድሜም ሄዶ በሩ ጋ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ ዋና እንደማይችል ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ነበር። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። አባዬ ሻንጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ መያዣውን የያዙት ጣቶቹ ሲነጡ አየሁ። የእናቴ ቦታ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን የምትታከከው እጁ ቆመች። እሱም ቆመ። «እዚህ ጋ...» አለና አልጨረሰውም።

ሲቀጥል እጆቹ ወርደው ነበር። መሬቱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ትከሻው ላላ፣ አረማመዱ ተለወጠ፤ ከትምህርት ቤት ርቦት የመጣ ልጅ ነው የሚመስለው። ደፉ ጋ ሳይቆም፣ ሳያመነታ፣ እግሩን ልክ በሚገባው ከፍታ አነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደና የምድጃውን ጠርዝ ያዘ። አባዬ የእግሩን ድምፅ ቆጥሮ ኖሮ ሻንጣውን ዘጭ አድርጎ ጣለው።

ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። እንባው ጉንጩ ላይ ነበር። የተፈለፈለውን ወለል አየ፣ የዛገውን ማጠፊያ አየ፣ ሲሚንቶ የበላውን እጄን አየ።

«የኔን ቤት» አለኝ፣ «መቼ መጥተሽ ታጣምሚልኛለሽ?»